የዱር ንቦች እንዴት ይቆጠራሉ?

የማር ንብ ብዛት ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ቀፎዎቹ መነሻ ይሆኑታል። የዱር ንቦች ግን ቀፎም ባለቤትም የላቸውም። በዓለም ላይ ከሚታወቁት 20,000 ገደማ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ብቸኛ ናቸው፤ ሴቷ ራሷ ጎጆ ትሠራለች፣ ራሷ ቀስማ ትሰንቃለች፣ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። የሚበዙት ጎጇቸው መሬት ውስጥ ነው። (የእኛዋ ጣዝማም መሬት ውስጥ ትኖራለች፤ እሷ ግን በመንጋ ነው።)

መቁጠሩ ግን አስፈላጊ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በጀርመኗ ክሬፌልድ ከተማ ስም የሚጠራ ጥናት፣ በጀርመን ጥብቅ ቦታዎች የሚበርሩ ነፍሳት አጠቃላይ ክብደት በ27 ዓመት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ መቀነሱን አሳየ። ቦታዎቹ አብዛኞቹ በእርሻ የተከበቡ ነበሩ። ክብደት ግን የትኛዋ ንብ እንደጠፋች አይናገርም። ይህን ለማወቅ ዝርያ በዝርያ መከታተል ያስፈልጋል።

በብዙ አገር የተለመደው ዘዴ ቢጫ፣ ነጭና ሰማያዊ ሳህን የሳሙና ውሃ ሞልቶ ማሳ ዳር ማስቀመጥ ነው። ንቧ አበባ መስሏት ታርፋለች፣ ትሰምጣለች። ርካሽ ነው፣ ንብ የመያዝ ችሎታም አይጠይቅም። ችግሩ ሳህኑ ከእውነተኛ አበባ ጋር መሻማቱ ነው። ጎመንዘሩ ማሳውን ቢጫ ሲያለብሰው ንቦቹ ወደዚያ ስለሚሄዱ ሳህኑ ጥቂት ይይዛል፤ አበባው ሲረግፍ ይሞላል። ስለዚህ የሞላ ሳህን የንብን ብዛት ሳይሆን የአበባን እጦት እያሳየ ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹን ንቦችም በደንብ አይይዝም።

በጀርመን ብራውንሽቫይግ ከተማ የሚገኘው የትዩነን የምርምር ተቋም የእርሻ አካባቢ ንቦችን በበጎ ፈቃደኞች ሲያስከታትል ሌላ መንገድም ይጠቀማል፤ ቦይ የተፈለፈለባቸው፣ ተደራርበው የሚታሰሩ ጣውላዎች። ጣውላው ሲከፈት ለምሳሌ በጭቃ የተከፋፈሉ ክፍሎች ተሰልፈው ይታያሉ፤ በየክፍሉ ቢጫ የአበባ ብናኝ ድቡልቡል፣ በላዩም አንድ እንቁላል አለ። ሴት የሚሆኑት ከኋላ፣ ቀድመው የሚወጡት ወንዶች በር ላይ ናቸው። ፎቶ ይነሳል፣ መልሶ ይዘጋል፤ የሚሞት ንብ የለም። ብናኙ ከየትኛው ተክል እንደመጣም መመርመር ይቻላል። ሆኖም መሬት የሚቆፍሩት ብዙኃን እዚህ ጣውላ ውስጥ ፈጽሞ አይታዩም። እነሱን ለማግኘት መረብ ይዞ፣ ፀሐይ በወጣበትና ነፋስ በቀነሰበት ሰዓት፣ በተወሰነ መስመር ላይ መመላለስ አንዱ መንገድ ነው።

የእነዚህን ዘዴዎች ቁጥር ደምሮ የንብ ብዛት ማውጣት አይቻልም። ትርጉም የሚሰጠው አንዱ ዘዴ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወቅት ሲደጋገም ነው። አንድ ቀዝቃዛ ፀደይ ብቻውን ቁጥሩን ሊጥለው ስለሚችል፣ በሦስት ዓመት በጀት የሚዘጋ ፕሮጀክት የአየር ጠባዩን ከእውነተኛ መመናመን አይለይም። በእኔ እምነት ገንዘቡ መዋል ያለበት ዘዴ በማብዛት ሳይሆን ቆጠራውን ሳያቋርጡ በማስቀጠል፣ በየቆጠራውም ዙሪያው ምን እንደተዘራና ምን እንዳበበ አብሮ በመመዝገብ ላይ ነው።