በመጋቢት ወደ ሰሜን የሚሄዱ ወፎች

መጋቢት ሲገባ በድሬዳዋ ሙቀቱ ይበረታል። የበልግ ደመናም ብቅ ይላል። በዚህ ወራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ወደ ሰማይ ቀና ብለን እንይ። ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ከፍ ይላሉ።

እንዴት ይችላሉ? ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ወፎቹ በዚያ አየር ይነሣሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ይንሳፈፋሉ። ጉልበት አያባክኑም። በባሕር ላይ ግን ሙቅ አየር እንደ ልብ አይነሣም። ስለዚህ ጠባብ መሻገሪያ ይፈልጋሉ። በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ባብ ኤል መንደብ በሚባለው ጠባብ ባሕር፣ ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ የተቆጠሩት ንስሮችና ሌሎች አዳኝ ወፎች ከ240 ሺህ በላይ ነበሩ!

ከእንግዶቻችን አንዱ ነጩ ጥንብ አንሳ ነው። ፊቱ ቢጫ ነው፤ ላባ የለውም። ገላው ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው። ብልህ ወፍ ነው፤ የሰጎን እንቁላል በድንጋይ ይሰብራል እኮ! ክረምታችን ሲያልፍ ከቡልጋሪያና ከግሪክ ጭምር ይመጣል። መንገዱ ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ የታወቀው በጀርባው ላይ ትንሽ መሣሪያ ታስሮለት ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ብዙ ሆነው በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያድራሉ።

ጥንብ አንሳን የሚወድ ሰው ጥቂት ነው። ያስጠላል ይባላል። እኛ ግን ሥራውን እናያለን። የሞተ አህያ መንደር ዳር ቢጣል የሚያጸዳው ማን ነው? በሕንድ አገር ከ30 ዓመት በፊት ገደማ ለከብት በሚሰጥ መድኃኒት ምክንያት ጥንብ አንሶች አለቁ። ጥንቡን ውሾች በሉት። ውሾች በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ በዛ።

በእኛ አገር የሚያሰጋው መርዝ ነው። ጅብ ፍየል ሲበላብን እንናደዳለን። አንዳንዱ በሥጋ ላይ መርዝ ይጨምራል። ጅቡ ይሞት ይሆናል። ግን ያንኑ ሥጋ ጥንብ አንሳም ይበላል፤ የጎረቤት ውሻም ይበላል። ስለዚህ መርዙ ይቅር። በረቱን በእሾህ አጥር ማጠር፣ ማታ ፍየሎቹን ማስገባት ይሻላል።

በግንቦትም ጥንብ አንሳ ብታዩ አትደነቁ። እዚሁ የሚኖሩ አሉ። ከእንግዶቹም ልጆቹ ገና ቡናማ ናቸው፤ ከወላጆቻቸው ጋር ሳይመለሱ አንድ ሁለት ዓመት በዚህ በኩል ይቆያሉ።