ዘንቢልና ካቬራ በሜንጎ

ከካምፓላ ኮረብታዎች አንዱ የሆነው ሜንጎ የቡጋንዳ ነገሥታት መናገሻ ነው። ስሙም በሉጋንዳ ቋንቋ የወፍጮ ድንጋይ ከሚለው ቃል የመጣ እንደ ሆነ ይነገራል። የካባካው ቤተ መንግሥት ሉቢሪና የቡጋንዳ ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ቡላንጌ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ቀጥ ያለ ጎዳናም «ካባካ አንጃጋላ»፥ ይኸውም «ንጉሡ ይወደኛል» ተብሎ ይጠራል። እኛ ግን ዛሬ አንባቢዎቻችንን የምንወስዳቸው ወደ ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ከኮረብታው ግርጌ፥ ወደ ኪሴኚና ወደ ኦዊኖ ገበያ ነው። የምንነጋገረውም ሰው የገዛውን ዕቃ ወደ ቤቱ ስለሚያደርስበት መያዣ ነው።

በዚያ ገበያ ቲማቲም የገዛ ሰው ቲማቲሙን የሚቀበለው እኛ ፌስታል በምንለው፥ ኡጋንዳውያን ግን ካቬራ በሚሉት በቀጭኑ የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ሽንኩርቱ ለብቻው ይታሰራል፤ ኦቾሎኒው ለብቻው፤ ሥጋው በጥቁር ካቬራ ይጠቀለላል። በመጨረሻም እነዚህ ሁሉ በአንድ ትልቅ ካቬራ ይገባሉ። እንዲህ ሲሆን ለአንድ ራት የሚሆን አስቤዛ አምስት ወይም ስድስት ካቬራ ይዞ ቤት ይገባል። ገዢው ገንዘብ ስለማይጠየቅበት ነጻ ስጦታ ይመስለዋል። ነገር ግን ሻጪቱ ከነጋዴ ገዝታ ያመጣችው ነውና ዋጋው በቲማቲሙ ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይከፈላል።

ይህ ልማድ የቆየ አይደለም። ባለ ጆሮው ቀጭን ፌስታል ሴሎፕላስት በተባለ የስዊድን ኩባንያ ስም በአሜሪካ የተመዘገበው በ1965 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ከዚያ በፊት የጋንዳ ሴት ወደ ገበያ የምትወርደው ኪቦ የተባለውን ቅርጫቷን ይዛ ነበር፤ መጠቅለያዋም የሙዝ ቅጠል ነበር። የኢትዮጵያ እመቤት ደግሞ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ትወጣ ነበር። አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን እንዲህ ብለን እንለይላቸው፦ ዘንቢል ከሰሌን ተሠፍቶ ሁለት ማንጠልጠያ የተደረገለት የገበያ ዕቃ ነው፤ ከረጢት ከጨርቅ ወይም ከቆዳ የሚሰፋ ነው፤ ቅርጫት ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ የሚሠራ ነው። ዘንቢል የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትግርኛ ተናጋሪውም አያጣውም።

የሙዝ ቅጠልን ነገር ካነሣን ዘንድ አንድ የሚያሳዝን ነገር እንጨምር። ማቶኬ የተባለው የሚቀቀል ሙዝ ባገሩ ሥርዓት በቅጠል ተሸፍኖ በእንፋሎት ይበስላል፤ የእኛም እናቶች ድፎ ዳቦን በኮባ እንደሚጋግሩ ማለት ነው። ዛሬ ግን አንዳንድ ምግብ ሻጮች በቅጠሉ ፈንታ ካቬራውን በድስቱ ላይ ይደፉበታል። የጋለ ፕላስቲክ ምግብ የሚነካበትን ይህን ልማድ የጤና ሰዎች አጥብቀው ይቃወሙታል።

ካቬራው ከቤት ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ካምፓላ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ የተጣለውን ሁሉ እየጠረገ ወደ ናኪቩቦ ቦይ ያወርደዋል። ቦዩ በተደፈነ ጊዜ ውሃው ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ቤቶች ይገባል፤ ባልተደፈነ ጊዜ ደግሞ ጭነቱን ጋንዳዎች ናሉባሌ ወደሚሉት ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወስዳል። ቦዩ የሚፈስበት የመርቺሰን ሰላጤ ለከተማው የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ነው፤ የጋባው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የቆመው በዚያው ሰላጤ ዳር ነውና። በሜንጎ የተጣለው ካቬራ ተመልሶ ወደ ሜንጎ እንስራ ጎረቤት ደረሰ ማለት ይቻላል።

ከተማው የሚሰበስበው ቆሻሻ ደግሞ ለብዙ ዓመት በኪቴዚ ሲከመር ኖሮ፥ በኦገስት 10 ቀን 2024 ክምሩ ተንዶ ከ30 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ይህን የሰማ አዲስ አበቤ የቆሼን ቀን ሳያስታውስ አይቀርም፤ በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያ የሞቱት ከ110 ይበልጡ ነበርና። ክምሩን ፌስታል ብቻውን ናደው አንልም። ሆኖም የማይበሰብስ ነገር በየቀኑ ሲጨመርበት ክምር ከማደግ በቀር ሌላ ዕድል የለውም።

ሕግ አልጠፋም። ኡጋንዳ በ2007 ከ30 ማይክሮን የሚቀጥን ካቬራ እንዲከለከል ወሰነች፤ በ2015 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ከየሱቁ ሊያስለቅመው ተነሣ፤ የ2019ኙ የአካባቢ ሕግም መሥራቱንም ማስገባቱንም መሸጡንም ከለከለ። ካቬራው ግን ከገበያው አልወጣም። 30 ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ሦስት እጅ ነው፤ ይህን በዓይኑ የሚለካ ፖሊስ ከወዴት ይገኛል? ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ባወጣችው በአዋጅ ቁጥር 513 የያዘችው ይህንኑ ልክ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ለአንድ ጊዜ የሚያገለግለውን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸደቀ። ኤርትራ በ2005፥ ሩዋንዳ በ2008 ከልክለዋል፤ ኬንያም በ2017 የገበያ ፌስታልን ውፍረት ሳትለይ አግዳለች።

በእኛ አስተያየት ግን አዲስ ከረጢት መግዛት ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። የብሪታንያ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ጥናት፥ የጥጥ ከረጢት በአየር ጠባይ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያገለግል ፌስታል እንዲያንስ 131 ጊዜ ገበያ መውጣት አለበት፤ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራው ጠንካራ ከረጢት ግን 11 ጊዜ ይበቃዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚገበይ ቤት 131 ጊዜ ማለት አንድ ዓመት ከሦስት ወር ነው። ሦስት የሚያምሩ የጥጥ ከረጢቶች ገዝቶ በቁም ሣጥን ያስቀመጠ ሰው እንግዲህ ከባለ ካቬራው ጎረቤቱ የሚሻል ሥራ አልሠራም።

ስለዚህ ዘንቢሉ የሚሰቀልበት ቦታ ከዘንቢሉ ዓይነት ይበልጣል። በጓዳ ከተሰቀለ ይረሳል፤ በመውጫው በር እጀታ ከተሰቀለ በሩን የሚከፍተው ሰው ሳይነካው አያልፍም። ከቢሮ ወደ ቤት ሲመለሱ ለሚገበዩ ባለ ሥራዎች ደግሞ ተጣጥፎ በኪስ የሚገባ ስስ የጨርቅ ከረጢት ይበጃል። በዘንቢሉ ውስጥ ሁለት ሦስት ትናንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ቢኖሩ ኦቾሎኒውና ሽንኩርቱ አይደባለቁም። ሥጋ ክዳን ባለው ዕቃ ይያዛል፤ ዕቃው ባዶውን አስቀድሞ እንዲመዘን ግን ሥጋ ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የክዳኑንም ክብደት በሥጋ ዋጋ መክፈል ይመጣል። ጨርቁ በየሳምንቱ ይታጠባል።

የሜንጎ ሻጮች እጃቸው ፈጣን ነው፤ ገዢው ዋጋ ተከራክሮ ሳይጨርስ ካቬራው ተከፍቶ ይጠብቀዋል። በዚህም ምክንያት ቃሉ ከዋጋው ንግግር በፊት መነገር አለበት፤ ቃሉም «ኛቦ፥ ካቬራ ሲኬታጋ» ነው፤ እመቤቴ፥ ካቬራ አያስፈልገኝም ማለት ነው።