ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ማቀዝቀዣ የሚያመልጠውን ጋዝ ስለ መፈለግ

በቤንዚንና በናፍታ የሚነዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ. ም. ከተከለከለ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚነዳው አውቶሞቢል ለአስመጪው ዋና የንግድ ዕቃ ሆኗል። ይሁን እንጂ የአስመጪው ኃላፊነት በሽያጩ ቀን የሚያበቃ አይደለም። ደንበኛው «ማቀዝቀዣው አልበርድ አለኝ» ብሎ ሲመለስ፥ በብዙ ጋራዥ የሚሰጠው መልስ «ጋዝ ይሞላለት» የሚል ነው። ይህ መልስ ለነጋዴውም ለባለመኪናውም ኪሳራ የሚያመጣበትን ምክንያት ከዚህ በታች እንገልጻለን።

የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየተመላለሰ ያንኑ ሥራ ይደጋግማል። ስለዚህ በብዛት ጎድሎ ከተገኘ ያመለጠበት ቦታ አለ፤ ቦታው ሳይታወቅ የሚሞላው ጋዝም በዚያው ቦታ ይወጣል። በነዳጅ በሚሠራው መኪና ላይ ጉዳቱ ከተሳፋሪው ምቾት አያልፍም ነበር። በብዙ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ግን ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው ጋዝ ነው። ጋዙ ሲጎድል ባትሪው በፈጣን ቻርጅ ጊዜ ይሞቃል፤ መኪናውም ራሱን ለመጠበቅ ቻርጅ የሚቀበልበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚጓዘው ከጋዙ ጋር ስለ ሆነ፥ ጋዙ ባነሰ ቁጥር ዘይቱ ወደ ኮምፕሬሰሩ በደንብ አይመለስም።

እዚህ ላይ ዘይት ለሚያስመጡ ነጋዴዎች ልዩ ማሳሰቢያ አለን። የኤሌክትሪኩ ኮምፕሬሰር በቺንጋ አይዞርም፤ ሞተሩ በውስጡ ነው፤ የሞተሩም ጥቅል ሽቦ በጋዙና በዘይቱ ተነክሮ በብዙ መቶ ቮልት ይሠራል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚታዘዝለት ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ «ፒ.ኦ.ኢ.» የተባለው ዘይት ነው። በቺንጋ ለሚዞረው ኮምፕሬሰር የለመድነው «ፓግ» የተባለው ዘይት በጥቂቱም ቢሆን ከገባበት፥ የኤሌክትሪክ መከላከያው ይደክማል፤ መኪናውም ጉድለቱን ዐውቆ አልነሣም ሊል ይችላል። ጋዝ የሚያመልጥበትን ቦታ ለማሳየት የሚጨመረው ቀለም ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዘይት ተበጥብጦ የሚሸጥ ነው። ይህን ቀለም «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ብሎ የሚሸጥ ባለሱቅ የሚሸጠውን አያውቅም። ቀለም ጨርሶ እንዳይገባ የሚከለክሉ ፋብሪካዎችም ስላሉ፥ አስቀድሞ የመኪናውን መመሪያ ማንበብ ይገባል።

ፍለጋው በዓይን ይጀመራል። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፥ አቧራ የያዘው ቅባታማ እድፍ የመጀመሪያው ምስክር ነው። በቺንጋ የሚዞረውን ኮምፕሬሰር የለመደ መካኒክ አስቀድሞ የሚመለከተው የዘንጉን ጎሚኒ ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን ወደ ውጭ የሚወጣ ዘንግ የለም። የሚመረመረው በቧንቧዎቹ መጋጠሚያ ያለው የጎማ ቀለበት፥ ጋዝ የሚሞላበት ቫልቭና ክዳኑ፥ እንዲሁም በመኪናው ፊት ለፊት ሆኖ የመንገድ ጠጠር የሚመታው ኮንደንሰር ነው። የሳሙና አረፋ ትልቁን ቀዳዳ ብቻ ያሳያል።

ለትንሹ ቀዳዳ ጋዝ የሚያሸት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያስፈልጋል። ኤስ.ኤ.ኢ. በተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ጄ2791 መሠረት የተሠራው መሣሪያ በዓመት 4 ግራም ብቻ የሚያመልጠውን ጋዝ እንኳ ይለያል። ይህ ደረጃ ለአር-134ኤ የወጣ ነው፤ ለአር-1234ዋይኤፍ የወጣው ጄ2913 ነው። ጋዙ ከአየር በሦስት እጅ ተኩል ያህል ስለሚከብድ፥ የመሣሪያው አፍንጫ ከመጋጠሚያው በታች ተይዞ፥ ነፋስ በሌለበት ቦታ ቀስ ተብሎ ይንቀሳቀሳል። ከዳሽቦርዱ ውስጥ የሚያመልጠው ጋዝ ውሃ በሚንጠባጠብበት ቱቦ በኩል ይገኛል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ጋዙና የባትሪው ማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት የሚለዋወጡበትን ዕቃ ነው። እርሱ በውስጡ ከተቀደደ ከውጭ ምንም እድፍ አይታይም፤ ጋዙ ወደ ውሃው ይገባል፤ ስለዚህ የውሃውን መጠራቀሚያ ክዳን ከፍቶ ማሽተት፥ አረፋ መኖሩንም መመልከት ያስፈልጋል። ክዳኑ የሚከፈተው መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

መለኪያ ሰዓቱም ያታልላል። መኪናው ቆሞ ሳለ በ20 ዲግሪ ሙቀት አር-134ኤ በአዲስ አበባ 5 ባር ያህል ያሳያል፤ ነገር ግን በውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ጋዙ ሙሉም ቢሆን ግማሽም ቢሆን ቁጥሩ ያው ነው። የጎደለው የሚታወቀው ጋዙን በማሽን አውጥቶ በመመዘንና በመኪናው ላይ ከተጻፈው ግራም ጋር በማስተያየት ነው። ጋዙ በማሽን ሲመጠጥም በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለ ሆነ፥ መርፌው በ0.76 ባር አካባቢ ይቆማል። «ፓምፑ ደካማ ነው» ወይም «ቀዳዳ አለ» እየተባለ በከንቱ የሚፈታው መኪና ጥቂት አይመስለንም። ከዚህም ሌላ ወደ ባትሪው የሚወስደው ቫልቭ በዲያግኖስ ማሽን ካልተከፈተ፥ ምጠጣው ያን ክፍል ላይደርስበት ይችላል።

ሁሉም ካልተሳካ ቧንቧው ባዶ ከሆነ በኋላ በደረቅ ናይትሮጅን፥ ወይም ከመቶ አምስት እጅ ሃይድሮጅን በተቀላቀለበት ናይትሮጅን፥ ፋብሪካው በፈቀደው ግፊት ይፈተናል። ለዚህኛው ቅልቅል ሃይድሮጅን የሚያሸት መሣሪያ ያስፈልጋል። የጎማ መንፊያ አየር ወይም ኦክስጅን ማስገባት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በግፊት ከተረፈው ጋዝና ዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ገመዶችም ኃይሉን መቁረጥ የተማረ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አይነካም።

ባለሱቆች ለዚህ ሥራ የሚይዙት ዕቃ ብዙ አይደለም፦ በትንሽ ጣሳ የታሸገ ፒ.ኦ.ኢ. ዘይት፥ ለየጋዙ ዓይነት የተሠራ የጎማ ቀለበት፥ የቫልቭ ክዳን፥ ለናይትሮጅን ቦምቦላ የሚሆን ግፊት መቀነሻ። ዘይቱ እርጥበት ስለሚስብ፥ አንድ ጊዜ የተከፈተ ጣሳ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ እንዳይወጣ።