ጥለቱን ገልብጦ ማየት፦ በእጅ የተሸመነ ጋቢና ነጠላ እንዴት ይለያል?

በዱከም፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲበረታ ከሣጥን የሚወጣው ጋቢ አንዳንድ ጊዜ ከለባሹ በዕድሜ ይበልጣል። ከእናት ወይም ከአያት የተላለፈ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ጥለቱ ግን ያልለቀቀ ጋቢ በየቤቱ አይጠፋም። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ባለጥለት ልብስ ሁሉ ግን ከሸማኔ እጅ የወጣ አይደለም። ጥለቱ በፋብሪካ የታተመበት ጨርቅ በሽመና ሥራ ስም ሲሸጥ ገዢው ገንዘቡን፣ ሸማኔውና ፈታይዋ ደግሞ ገበያቸውን ያጣሉ።

ሥራው የሚጀምረው ከሽመናው አስቀድሞ ነው። ጥጡ ተዳምጦ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎም ባዘቶ ይሆናል። ፈታይዋ እንዝርቷን እያሾረች ከባዘቶው ክር ታወጣለች፤ ክሩም ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃውን ክር መፍተል ከሽመናው ይልቅ እጅግ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ በገበያ ስሙ የሚነሣው ግን የሸማኔው ብቻ ነው። በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ደግሞ የእጅ ፈትል ነው። ድር ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጥንካሬ ይሻል፤ ማግ ግን ልል ቢሆን ይመረጣል። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ በድርቦቹ መካከልና በልሉ ፈትል ውስጥ የሚቀረው አየር የሰውነትን ሙቀት አፍኖ ይይዛል። ፈትሉ በታጠበ ቁጥር እየለሰለሰ ስለሚሄድ አሮጌ ጋቢ ከአዲሱ ይልቅ ቢወደድ አያስገርምም።

ከሽመና ባለሙያዎች መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ከጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢ ከሚገኘው ዶርዜ የመጡት ናቸው። በአዲስ አበባ ዋና መንደራቸውና ገበያቸው በእንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ ሲሆን በቡራዩም ሲሸምኑ የኖሩ አሉ። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ ድሩን እየከፈተ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ይሰዳል።

ጥለት ጨርቁ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ጌጥ አይደለም። ሸማኔው ወደ ጫፉ ሲደርስ የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር በመካከላቸው ያሳልፋል፤ ከዚያም ማጉን ወርውሮ ያጠብቀዋል። ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ከሆነ ሥራው ይፈጥናል። መስቀል ወይም ሌላ ቅርጽ ሲሆን ግን ቆጠራው በየረድፉ ይለወጣል፤ አንድ ክር የሳተ እንደሆነ ቅርጹ ይዛባል። ሁለቱ ጫፎች በጥቂት ክር ቢለያዩ የእጅ ሥራነቱ ምልክት እንጂ ነውር አይደለም።

በሽመና ቅርጽ የማውጣት ጥበብ በአገሪቱ የቆየ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከተካሄደው የመቅደላ ጦርነት በኋላ ለንደን በሚገኘው የብሪታኒያ ሙዚየም የገባው የጎንደር ዘመን የሐር መጋረጃ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ርዝመት አለው። በላዩ የሚታዩት የሰዎችና የመስቀል ቅርጾች ከጨርቁ ጋር አብረው የተሸመኑ ናቸው።

ገዢ ሊያደርገው የሚገባው ቀላል ነው። ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት። ታትሞ ከሆነ ቀለሙ ከኋላ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ አይታይም፤ ክርም በጣት አይዳሰስም። የተሸመነ ከሆነ ባለቀለሙ ክር በድሩ መካከል ሲገባና ሲወጣ ከኋላም ይታያል። በመኪና የተጠለፈውም ከኋላ ክር ስላለው ሊያሳስት ይችላል፤ ነገር ግን ጥልፉ ባለቀው ጨርቅ ላይ የተደረበ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ሸማ ሳይቋረጥ ያልፋል። ቀጥሎ ከዘርፉ አጠገብ አንድ ማግ ስቦ መመልከት ነው። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካው ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው።

ጥለቱ ለዓይን ብቻ የተቀመጠም አይደለም። ሐዘንተኛ ነጠላውን ዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ አንገቱ ሲያወጣ ጎረቤት ሳይጠይቅ ይረዳል። መላው ገጹ በጥለት አምሳያ የታተመ ጨርቅ ግን ቢዘቀዘቅም ባይዘቀዘቅም መልኩ ያው ነው።