ሐዲዱ ለማን ተዘረጋ?

የባቡር ሐዲድ የሥልጣኔ ምልክት ነው ይባላል። ነገር ግን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚያመራ ሲመረመር የማን ጥቅም አገልጋይ እንደሆነ ይገለጣል። የአንጎላው የቤንጉዌላ ሐዲድ ለዚህ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 የፖርቱጋል ቅኝ ገዥዎች ለብሪታንያዊው ከበርቴ ለሮበርት ዊሊያምስ የ99 ዓመት መብት ሰጡ። ከሎቢቶ ወደብ ተነሥቶ በ1929 የኮንጎን ድንበር የነካው የ1,344 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዋና ተግባር የካታንጋን መዳብ ወደ ባሕር ማጋዝ ነበር። ከአክሲዮኑ 90 በመቶው የዊሊያምስ ኩባንያ፣ 10 በመቶው የፖርቱጋል መንግሥት ድርሻ ሲሆን፣ ለአንጎላ ሕዝብ የተረፈው ጉልበቱን መገበር ብቻ ነበር።

በ1975 ነጻነት ሲታወጅ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ትነድ ነበር። ድልድዮች ፈረሱ፤ በሐዲዱ ዳርቻ ፈንጂ ተቀበረ፤ የመዳቡም ጭነት ተቋረጠ። መዳቡ በደቡብ አፍሪካ በኩል ሌላ መውጫ አገኘ፤ በየጣቢያው የቀረው ገበሬና ሠርቶ አደር ግን መውጫ አላገኘም።

ጦርነቱ በ2002 አብቅቶ፣ በቻይና ኩባንያ የታደሰው ሐዲድ በ2015 ተመረቀ። በ2023 ደግሞ የጭነት አገልግሎቱ ለ30 ዓመት ለውጭ ኩባንያዎች ጥምረት ተላለፈ። እንግዲህ የሐዲዱ ፋይዳ የሚመዘነው በሚያግዘው ማዕድን ብዛት ሳይሆን፣ የአንጎላ ሠርቶ አደር ከእርሱ በሚያገኘው ድርሻ ነው።