ብርሃን የሚያስገባ፥ ሙቀት የሚያግት የመስተዋት ጣራ

ብርድ በሚበረታበት ሌሊት ከጋቢ የሚሻል መከታ እንደሌለ በየቤታችን የታወቀ ነው። ጋቢ የሚያሞቀን በራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም፤ በተደራረበው ሸማ መካከል አየር ታግቶ ስለሚቀርና የገላችንን ሙቀት እንዳይሸሽ ስለሚከለክለው ነው። ይኸው ምስጢር የሆላንድን የአትክልት አምራቾች ከከባድ ጭንቀት ለማውጣት እንዴት እንደረዳ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

በሄግና በሮተርዳም ከተሞች አጠገብ ዌስትላንድ የሚባል አውራጃ አለ። ሰፊ የምድሩ ክፍል በመስተዋት ቤቶች የተሸፈነ በመሆኑ «የመስተዋት ከተማ» እየተባለ ይጠራል። ግሪንሃውስ በሚባሉት በነዚህ ቤቶች ውስጥ ቲማቲም፥ ኪያር፥ ቃሪያና ልዩ ልዩ አበባ ይመረታል። ይሁን እንጂ የዚያ አገር ክረምት ብርቱ ስለሆነ ቤቶቹ ካልሞቁ ተክሉ ይጠፋል። ነጠላ መስተዋት ደግሞ ሙቀት አይዝም። ውስጡ ከውጭው በ20 ዲግሪ ሲበልጥ፥ በአንድ ሄክታር ጣራ በኩል የሚያመልጠው ሙቀት 1,200 ኪሎዋት ያህል ነው። ይህም 300 የሚያህሉ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች ሌሊቱን ሙሉ ያለ ሥራ ሲግሉ እንደማደር ይቆጠራል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. በግሮኒንገን አውራጃ ታላቅ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ስለተገኘ፥ ይህ ብክነት ለብዙ ዘመን እምብዛም አላሳሰበም ነበር። ነገር ግን ጋዙ ከተወሰደ በኋላ ምድሪቱ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በ2012 ዓ.ም. በሁይዚንገ መንደር በሬክተር መለኪያ 3.6 የደረሰ መናወጥ ሆነ፤ የብዙ ሰዎች ቤትም ተሰነጠቀ። በመጨረሻም በ2023 ዓ.ም. ጋዙን ከዚያ ማውጣት ቆመ። ከዚያም አስቀድሞ በ2021 እና በ2022 ዓ.ም. የጋዝ ዋጋ እጅግ ስለናረ፥ አንዳንድ አምራቾች ቤታቸውን ሳያሞቁና ሳይተክሉ ክረምቱን አሳለፉ።

እንግዲህ «መስተዋቱን ድርብ ቢያደርጉት አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። በእውነትም በሁለት መስተዋት መካከል የታገተ አየር የሚያመልጠውን ሙቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ዳሩ ግን መስተዋት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን ይመልሳል፤ ድርብ ሲሆን ገጾቹ አራት ናቸውና ጉዳቱ ይበረታል። ብርሃን በ1 በመቶ ሲቀንስ ምርቱም በ1 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አምራቾች በልማድ ያውቃሉ። ስለዚህ በጋዝ የተቆጠበው በቲማቲም ይከሰራል።

መፍትሔው የተገኘው በመስተዋቱ ውፍረት ሳይሆን በገጹ ላይ ነው። ብርሃን እንዳይመለስ የሚያደርግ እጅግ ስስ ቅብ በሁለቱም ገጽ ሲቀባ፥ 90 በመቶ ያስገባ የነበረው ነጠላ መስተዋት 97 በመቶ ያህል ያስገባል። ሌላው ስስ የብረት ቅብ ደግሞ የሙቀትን ጨረር ወደ ውስጥ ይመልሳል። የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በብሌይስቬይክ ሁለቱን ቅቦች በድርብ መስተዋት ላይ አጣምረው ቲማቲም በማልማት ፈትነዋል። ደግሞም ብርሃንን የሚበትን መስተዋት አለ፤ በስስ ደመና ውስጥ እንዳለፈ ፀሐይ የታችኞቹንም ቅጠሎች ያዳርሳል።

ሆኖም ችግር አልጠፋም። ቅጠል የሚተነፍሰው እርጥበት በቀዝቃዛው ነጠላ መስተዋት ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድ ነበር፤ በድርቡ ላይ ግን ይህ ስለሚያንስ እርጥበቱ በአየሩ ውስጥ ይቀራል፥ ሻጋታም ያመጣል። ስለዚህ አየሩን የሚያደርቅ መሣሪያ መጨመር ግድ ነው። ይህም ሁሉ ውድ ስለሆነ፥ ብዙ አምራቾች ነጠላ መስተዋታቸውን ሳይለውጡ ማታ ማታ ከጣራው ሥር መጋረጃ ይዘረጋሉ።

በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻና በሆለታ የሚገኙት የጽጌረዳ እርሻዎቻችን የሚሸፈኑት በፕላስቲክ ነው፤ ፀሐያችን እንደዚያ አገር ማሞቂያ አታስፈልገንምና። አንዳንድ የሆላንድ አበባ አምራቾች ወደ አገራችን ከመጡባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በአገራቸው የቀሩት ግን ከእሳቱ ይልቅ ጣራውን ማሰብ እንደሚቀድም ተረድተዋል። ሸማ ደራቢዋ እናታችን ይህን ያለ መስተዋትና ያለ ቅብ ታውቀው ነበር።