ኮምፒዩተርና ፊደላችን

ኮምፒዩተር ብልህ ነው ሲባል እንሰማለን። እውነቱን ለመናገር የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ትእዛዙ ሲወጣ የፊደላችን ጠባይ ካልታሰበበት ጉድ ያመጣል። ሦስት ምሳሌ እንመልከት።

አንደኛ፤ ቁጥር። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ «፩ አሃዝ ነውን?» ብለን ብንጠይቀው «አዎ» ይላል። «እንግዲያው ወደ ቁጥር ለውጠው» ስንለው ግን ስሕተት ነው ብሎ ቀጥ ይላል። ምክንያት አለው። የሚያሰላው ከ0 እስከ 9 ባሉና እንደ ቦታቸው ዋጋቸው በሚለዋወጥ አሃዞች ነው። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ 10 የራሱ ምልክት ፲፣ 100ም ፻ አለው። ፳፭ ማለት 20 እና 5 ተደምረው ነው። ስለዚህ ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ፩ን አሃዝ ነው ቢልም ከአሥራዊ አሃዞች ለይቶ አስቀምጦታል።

ሁለተኛ፤ ርዝመት። ደብሊው ሲ የምትባል የምትቆጥር ትእዛዝ አለች። «ሰላም»ን በባይት ስናስቆጥራት፣ የመስመር መጨረሻው ምልክት ሳይታሰብ፣ 9 ትላለች። ሦስት ፊደል አይደለም እንዴ? ነው፤ ግን በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ የእንግሊዝኛው 1 ብቻ ይይዛል። እንግዲህ ለስም 20 ባይት የመደበ ቅጽ ከ6 ፊደል በላይ አይችልም፤ ወልደጊዮርጊስ «ወልደጊዮር» ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛውና ከባዱ ፍለጋ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን ባዕዳን ናቸው። «ፀሐይ» በፀ ወይም በጸ፣ መካከሉም በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊጻፍ ይችላል፤ በጠቅላላው 12 ዓይነት መሆኑ ነው። ግሬፕ በተባለው የፍለጋ ትእዛዝ «ጸሀይ» ብለን ብንፈልግ፣ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችውን ተማሪ አያገኛትም።

ይህ የሳቅ ነገር አይደለም። ነገ በፍላቂትም ሆነ በሌላ ወረዳ ክፍል ስንረከብ፣ ልጅቱ ፊታችን ተቀምጣ መዝገቡ «የለችም» ቢል ማንን እናምናለን? ስለዚህ ስም ስንመዘግብ ከቀድሞ ማስረጃዋ ፊደል በፊደል እንገልብጥ። ስንፈልግ ሞክሼዎቹን ሁሉ እንሞክር። ፕሮግራም የምንጽፍ ከሆነም ለፍለጋው ብቻ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ እናምጣቸው፤ ስሙን ግን ባለቤቱ እንደጻፈው እንተወው።